«ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» የማን ዘፈን ነው?

ስድስት_አውታር

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ ጊታር መማር ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፤ እንደ ብዙ ጀማሪ ሁሉ ለእርሱም በመጀመሪያ የተሰጠው መልመጃ «ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» ሆነ። ባለፈው እሑድ ደብተሩን ሳገላብጥ ከኮርዶቹ (አብረው ከሚመቱት የድምፅ ስብስቦች) በላይ «ግጥምና ዜማ፦ አኒማልስ» ብሎ መጻፉን አየሁ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ባስቀዳሁት ካሴት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ይኸው ስም ስለ ነበር ልጁን ለማረም አፍ አልነበረኝም፤ ይሁንና ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ሳምንቱን ሙሉ የድሮ ቅጂዎችን እየፈለግሁ ሳዳምጥ ሰነበትሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ስሕተት ካለበት አርሙኝ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አኒማልስ ከሰሜን እንግሊዝ ከኒውካስል ከተማ የተነሡ አምስት ወጣቶች ነበሩ። በ1964 ከቸክ ቤሪ ጋር እየዞሩ ትርኢት ሲያሳዩ፣ ሌላው ባንድ ሁሉ የቸክ ቤሪን ዓይነት ፈጣን ሮክ ሲጫወት እነርሱ ሰው ልብ ውስጥ የሚቀር ለየት ያለ መዝጊያ ፈልገው ይህን ዘፈን መረጡ። በየመድረኩ ሲጫወቱት ስለ ከረሙ ሜይ 18 ቀን 1964 ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ ሲገቡ አምራቹ ሚኪ ሞስት የቀረጻቸው በአንድ ጊዜ ጨዋታ ነው። ያን ጊዜ ለሬዲዮ የሚሠራ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ አይዘልም ነበር፤ ይህ ግን ወደ አራት ደቂቃ ተኩል የሚጠጋ ነው፤ አሜሪካ ሲደርስ ከሦስት ደቂቃ በታች እንዲሆን ቆርጠው አወጡት። በዚያው ዓመት በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ።

ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1962፣ ቦብ ዲላን በመጀመሪያው አልበሙ ዘፍኖታል። ዲላንም የራሱ አላደረገውም፤ አጨዋወቱን የወሰደው በኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ አብሮት ከነበረው ከዴቭ ቫን ሮንክ ነው። ቫን ሮንክ ደግሞ በ1950ዎቹ ከሃሊ ውድ ቅጂ ተማረው፤ ሃሊ ውድ የቴክሳስ ዘፋኝና የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ ነበረች። እርሷም ያገኘችው አለን ሎማክስ የተባለው ተመራማሪ በ1937 በኬንታኪ ግዛት፣ ሚድልስቦሮ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ከቀረጻት ከአንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ነው። የልጅቷ ስም ጆርጂያ ተርነር ይባላል።

እዚህ ስደርስ ክሩ እጄ ላይ ተበጠሰ። እንግዲህ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? በልጁ ደብተር ላይስ ማንን ልጻፍለት?

የማታ_አድማጭ

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ግን ለምን ያስጨንቅዎታል? ዘፈን ማለት ሰው የሚያስታውሰው ነው። ጆርጂያ ተርነርን ማን ያስታውሳል? የአኒማልስ ዘፋኝ ኤሪክ በርደን በዚያ ድምፁ ሲያገሳ ግን ሁላችንም ቀጥ ብለን እንቀመጣለን። በእኔ ዘንድ ዘፈኑ የአኒማልስ ነው፤ ልጁም አልተሳሳተም።

ሸክላ_ሰብሳቢ

ስድስት_አውታር፣ መንገዱን በደንብ ይዘውታል፤ ነገር ግን ተርነር ላይ ሊቆም አይገባም፣ ከዚያ በፊት የተቀረጸ አለ። በ1933 ክላረንስ አሽሊ እና ግዌን ፎስተር (ስሙ የሴት ቢመስልም ወንድ ነው) «ራይዚንግ ሰን ብሉስ» ብለው በሸክላ አሳትመውታል። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የዚህ ዘፈን ቅጂዎች ቀዳሚው ይህ ነው። አሽሊ የሕክምና መድኃኒት እንሸጣለን እያሉ በየመንደሩ ከሚዞሩ ተጓዥ ትርኢቶች ጋር ሲዘፍን የኖረ የቴኔሲ ሰው ሲሆን፣ ዘፈኑን የተማርሁት ከአያቴ ነው ይል ነበር። የአያቱ ዕድሜ ከታሰበ ዘፈኑ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይሄዳል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጽሑፍም ሸክላም የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በኢንተርኔት ላይ ቴክሳስ አሌክሳንደር በ1928 የቀረጸውን «ዘ ራይዚን ሰን» የመጀመሪያው ቅጂ እያሉ የሚለጥፉ አሉ። ሸክላውን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ግን ሌላ ግጥም፣ ሌላ ዜማ መሆኑን በመጀመሪያው ደቂቃ ይረዳል። ስም መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ «እንጀራዬ» የሚል ዘፈን ሁሉ አንድ ዘፈን ነው እንደ ማለት ይሆናል። የእንግሊዝ የጥንት ትረካ ዘፈኖች ናቸው አባቶቹ የሚለውም ሎማክስ ራሱ የሰነዘረው ግምት ነው እንጂ ማስረጃ የቆመለት አይደለም።

ለየማታ_አድማጭ የምመልሰው በሸክላው መካከል ያለውን ክብ ወረቀት በማሳየት ነው። የአኒማልስን ሸክላ አገላብጠህ ብታይ ከርዕሱ በታች በትናንሽ ፊደል የተጻፈው የባንዱ ስም አይደለም። «የሕዝብ ዘፈን፣ ቅንብር፦ አለን ፕራይስ» የሚል ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ብቻ! አምስቱ ተጫውተውት፣ በርደን ዘፍኖት፣ ያን ሁሉ ሰው ጊታር ያስጨበጠውን መግቢያ ሂልተን ቫለንታይን ሠርቶት፣ የቅንብሩ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው አንድ ሰው ነው። ለአምስት ስም የሚሆን ቦታ ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ የአንዱ ይጻፍ ተብሎ ነው የሚል ታሪክ ባንዱ ሲናገር ኖሯል። ግጥሙና ዜማው የሕዝብ ስለ ሆነ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ የደራሲነቱ ገንዘብ በሙሉ የሚሄደው ቅንብር ተብሎ ወደ ተመዘገበው ስም ነው። ፕራይስ በቀጣዩ ዓመት ባንዱን ለቀቀ፤ የቀሩት አባላት ምሬት ግን አሠርት ዓመታትን ተሻግሯል።

«ለምን ያስጨንቃል» ላልኸው ይኸው ነው መልሱ፤ የሚያስጨንቀው ክፍያው ነው።

ስድስት_አውታር

ጋሽ ሸክላ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬን በተሳሳተ መልክ እንዳቀረብሁት አሁን ገባኝ። እኛ አገር በካሴት ልባስ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይጻፋል፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውም የተለመደ ነው። እኔ ግን የፈረንጁን ዘፈን ስመረምር ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ «ኦሪጅናል» የሚል አንድ ሰው ስፈልግ ነበር። እስቲ ቅንብሩን ብቻ ለይተን እንይ፤ ማነው ያቀናበረው?

ባስ_በግራ

ይህን ለእኔ ተዉልኝ፣ ለሃያ ዓመት ባስ የተጫወትሁበት ጉዳይ ነው።

የጆርጂያ ተርነርን ቅጂ ላዳመጠ የመጀመሪያው ድንጋጤ ዘፈኑ ሜጀር በሚባለው ብሩህ ቅኝት መሆኑ ነው። ዛሬ የምናውቀው ጨለማ የወረሰው የማይነር ስሜት እዚያ የለም፤ ልጅቷ እንደ ቀልድ፣ ልብስ እያጠበች እንደምታንጎራጉር ሆና ነው የምትዘፍነው። የግጥሙን ሐዘን ለሚያውቅ ሰው እንዲያውም ያ ቅለት ይብሳል። ዜማው ግን፣ የሚወጣበትና የሚወርድበት መስመር፣ ዛሬ ከምንዘፍነው ጋር ቤተሰብ መሆኑ ግልጽ ነው።

ቫን ሮንክ የሠራው ሥራ ከሥር ያለውን ነው። ከኤ ማይነር ተነሥቶ የእያንዳንዱን ኮርድ የታችኛ ድምፅ በደረጃ አወረደው፦ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ በመጨረሻም ኢ ላይ ያርፋል። ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ዲላን የወሰደው ይህንን ነው። አኒማልስ ደግሞ እነዚያኑ ኮርዶች ጠብቀው የታችኛውን ድምፅ ወደ ራሱ ሥር መለሱት፤ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ እያለ ይወጣል። ቫለንታይን እያንዳንዱን ኮርድ በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ኖታ በኖታ ፈትቶ በስድስት ስምንተኛ ምት አስኬደው። ይህ ምት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ምናልባት ያገራችን ጀማሪ ጊታሪስት ይህን ዘፈን ቶሎ የሚለምደው በዚህ ይሆናል፣ ምንም እንኳ አረጋገጡ ከእኛ ችክችካ ሌላ ቢሆንም። በላዩ ላይ ፕራይስ በቮክስ ኮንቲኔንታል ኦርጋኑ ያን የሚቆርጥ ሶሎ ጨመረበት።

ስለዚህ ቅንብሩን ለአንድ ሰው መስጠት አይቻልም። ኮርዱ የቫን ሮንክ፣ ፈትቶ መጫወቱ የቫለንታይን፣ ኦርጋኑ የፕራይስ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የሦስተኛው ብቻ ሆነ።

የማታ_አድማጭ

ስለ ገንዘቡ ተረትቻለሁ፤ ጋሽ ሸክላ፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ቫን ሮንክ ያን ያህል ከሠራ ለምን ራሱ አልቀረጸውም?

ሸክላ_ሰብሳቢ

ሊቀርጸው ነበር። ይህንን ቫን ሮንክ ራሱ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ ተናግሮታል። ዲላን አንድ ቀን መጣና «ያንተን የራይዚንግ ሰን አጨዋወት ብቀርጸው ቅር ይልሃል?» አለው። እርሱም በቅርቡ እኔው ልቀርጸው ስላሰብሁ ቢቆይ ይሻላል ሲለው፣ ዲላን ትንሽ አቅማምቶ ለካስ ቀርጾት መጥቷል! ሳይጠይቁ ወስዶ ቆይቶ ማስፈቀድ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ቫን ሮንክ መድረክ ላይ በዘፈነው ቁጥር ሰው «የዲላንን ዘፈን ተጫወትህ» እያለ ስላስመረረው ተወው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የአኒማልስ ሲወጣ ደግሞ ዲላንን «የአኒማልስን ዘፈን ትጫወታለህ» ይሉት ጀመር፤ እርሱም ተወው። ቫን ሮንክ ይህን ሲያወራ ደስታውን ይደብቅ ነበር ብዬ አላምንም።

የዲሲ_ነዋሪ

እኔ የምኖረው ከዋሽንግተን ብዙም ሳልርቅ ነው፤ ሎማክስ በዚያ ዘመን የሚሠራው እዚሁ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በ1937 መጸው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ከባድ የመቅረጫ መሣሪያ በመኪና ጭኖ ወደ ምሥራቅ ኬንታኪ ተጓዘ፤ መሣሪያው ድምፁን በቀጥታ በዲስክ ላይ የሚፍቅ ነበር። የጆርጂያን ድምፅ ዛሬ በኢንተርኔት ማንም ሰው ሊያዳምጠው ይችላል፤ የመርፌው ፍትጊያ ከድምፁ እኩል ይሰማል። ከዚያ በኋላ በርት ማርቲን የተባለ ሌላ ሰው ተጨማሪ ስንኞች ያሉት ሌላ ቅጂ ዘፈነለት። ሎማክስና አባቱ በ1941 ባሳተሙት የመዝሙር መድበል ላይ ግጥሙን ያወጡት በእነዚህ በሁለቱ ስም ነው። ስለዚህ «የሕዝብ» ከሚለው ቃል በፊት የሁለት ሰው ስም ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ጆርጂያ ቆይታ ከዘፈኑ ያገኘችው ገንዘብ ግን ከስሙ ጋር የማይነጻጸር ኢምንት ነው።

ስለ ግጥሙ ደግሞ ማንም ሳያነሣው የቀረ ነገር አለ። ጆርጂያ የምትዘፍነው እንደ ሴት ነው። በዚያ ቤት የጠፋችው እርሷ ናት፤ ታናሽ እኅቷ እንዳትከተላት ታስጠነቅቃለች፤ ከዚያም ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትመለስ ባቡሯን ትጠብቃለች። ዲላንም ወንድ ሆኖ ሳለ ግጥሙን በሴት አንደበት ጠብቆ ነው የዘፈነው። አኒማልስ ግን ባለታሪኩን ወንድ አደረጉት፣ በግጥሙ ውስጥ ያለውን ቁማርተኛም ከውሽማነት ወደ አባትነት አዛወሩት። አንዲት ቃል ስትለወጥ ቤቱም አብሮ ተለወጠ፤ በሴቷ አንደበት ሴተኛ አዳሪ ቤት የነበረው፣ በወንዱ አንደበት የመጠጥና የቁማር ቤት መሰለ። ለሬዲዮ የተመቸውም በዚህ ነው። ዶሊ ፓርተን በ1980 መጨረሻ ባወጣችው አልበም ላይ ወደ ሴት አንደበት መልሳ፣ የቤቱንም ማንነት ሳትሸፋፍን ዘፍናዋለች፤ ኒና ሲሞን ደግሞ ከአኒማልስ ቀድማ በኒውዮርክ መድረክ ላይ ተቀርጾ በ1962 በወጣ አልበሟ በዝግታ ተጫውታዋለች። ሁለቱን አስከትላችሁ ብታዳምጡ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ይገባችኋል።

ሚናስ_88

ቤቱ በእርግጥ ነበር? ኒው ኦርሊንስ የሄደ ሰው የለም?

የዲሲ_ነዋሪ

ሄጃለሁ፤ አስጎብኚ ሁሉ የየራሱ ቤት አለው። ሊታመን የሚችል አሻራ ያለው በኮንቲ መንገድ ላይ የነበረው «ራይዚንግ ሰን» የሚባል አነስተኛ ሆቴል ሲሆን፣ በ1822 ተቃጥሏል፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም በ2004 እና በ2005 ቦታውን ቆፍረውታል። ያ ሆቴል የዘፈኑ ቤት ስለ መሆኑ ግን የተገኘ ማረጋገጫ የለም። የሴቶች እስር ቤት ነው የሚሉም አሉ፣ በአንዳንድ ቅጂዎች ላይ ስለ እግር ብረት ስለሚነገር። ለእኔ ቤቱን መፈለግ የዘፈኑን ምንጭ ከመፈለግ የባሰ ድካም ነው።

ፉዝ_ፔዳል

ክሩ ከዚህ ዘፈን ወደ ሌላ ዘፈን የሚሻገርበት ድልድይ አለ፤ ድልድዩም የአኒማልስ ባስ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ነው።

ቻንድለር በ1966 ባንዱ ሲፈርስ አምራች ለመሆን ቆርጦ ነበር። ኒውዮርክ ሳለ ቲም ሮዝ የተባለው ዘፋኝ ቀስ አድርጎ የተጫወተውን «ሄይ ጆ» ሰምቶ፣ ይህን በእንግሊዝ የሚያስቀርጽልኝ ሰው ባገኘሁ ሲል ነበር። በዚያው ሰሞን ሊንዳ ኪት የምትባል እንግሊዛዊት ግሪንዊች ቪሌጅ ወደሚገኘው ካፌ ዋህ ወሰደችውና አንድ የማይታወቅ ጊታሪስት አሳየችው። ሰውዬው መድረክ ላይ ሲጫወት የደረሱበት ዘፈን ያው «ሄይ ጆ» ሆኖ ተገኘ። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። ቻንድለር ለንደን ወሰደው፤ በዲሴምበር 1966 ሸክላው ወጣ፤ በብሪታንያ ሠንጠረዥ እስከ ስድስተኛ ደረሰ።

አሁን በጋሽ ሸክላ ዘዴ ወደ ኋላ እንሂድ። ግጥምና ዜማውን በ1962 በስሙ ያስመዘገበው ቢሊ ሮበርትስ የሚባል የቡና ቤት ዘፋኝ ነው። ከሄንድሪክስ በፊት የሎስ አንጀለሱ ባንድ ዘ ሊቭስ በ1965 እና በ1966 እየደጋገመ ቀርጾ በፈጣኑ መልክ አሜሪካ ውስጥ ታዋቂ አድርጎታል። ቲም ሮዝ ደግሞ «የሕዝብ ዘፈን ነው» ብሎ ለራሱ ቅንብር ሊያስመዘግበው ሞከረ። ወደ ኋላ ሲኬድ የሮበርትስ የሴት ጓደኛ የነበረችው ኒየላ ሚለር ዘፈን አለ፤ የኮርዱ አካሄድ በጣም ይመሳሰላል። የጥያቄና መልሱ አቀራረብ፣ «ጆ» የሚለውም ስም፣ ካርል ስሚዝ በ1953 በዘፈነው የካንትሪ ዘፈን ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ስም ከአንዱ፣ ኮርድ ከሌላው፣ ፍጥነት ከሦስተኛው። ጊታሩ ግን የሄንድሪክስ ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ባስ_በግራ

ኮርዱን ላስረዳ። ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ነው። እያንዳንዱ ኮርድ ካለፈው አምስት ድምፅ ይርቃል፤ ዙሩ ስለማያልቅ ጆሮ ማረፊያ ያጣል። ግጥሙ ሚስቱን ገድሎ ወደ ሜክሲኮ የሚሸሽ ሰው ስለ ሆነ አካሄዱም እንደ እርሱ አያርፍም። ይህ አካሄድ የሮበርትስ ከሆነ ዘፈኑም የሮበርትስ ነው፤ የሚለር ከሆነ ደግሞ የምዝገባው ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ጎድሏል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የማታ_አድማጭ

እንዲህ ከሆነ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊንን ሳንጠይቅ ልናልፍ ነው? እነርሱ «የሕዝብ» እንኳ አይሉም፣ ቀጥታ በስማቸው ነው የሚጽፉት ይባላል።

ሸክላ_ሰብሳቢ

እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ዘፈኖቻቸውን አነጻጽሬ ላሳይህ።

በ1969 «ሆል ሎታ ላቭ» ሲወጣ ደራሲ ተብለው የተጻፉት አራቱ የባንዱ አባላት ነበሩ። ግጥሙ ግን ከዊሊ ዲክሰን «ዩ ኒድ ላቭ» ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል፤ ያንን መዲ ወተርስ በ1962 ዘፍኖታል። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፤ ስሙም ከደራሲዎቹ ተርታ ገባ። ጊታሩን ካየህ ግን ያ የጂሚ ፔጅ መነሻ ሐረግ በመዲ ወተርስ ቅጂ ላይ የለም። ግጥም ከዲክሰን፣ ጊታር ከፔጅ፤ በመጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ተለይተው ቢጻፉ ኖሮ ክስም ባልኖረ።

በሌላ በኩል በ1971 ባወጡት አራተኛ አልበም መዝጊያ ላይ «ዌን ዘ ለቪ ብሬክስ» አለ። እዚያ ከአራቱ ስም ጋር ሜምፊስ ሚኒ የሚል ተጽፏል፤ ማንም ሳይከሳቸው። ዘፈኑን ሚኒና ባለቤቷ ካንሳስ ጆ ማኮይ በ1929 ቀርጸውታል፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሚሲሲፒ ወንዝ የአፈር ግድቡን ጥሶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለበትን ጎርፍ አስበው። የሚገርመው ግን በ1929ኙ ሸክላ ላይ የሚዘፍነው ጆ ነው፤ ሚኒ ጊታር ትጫወታለች። ዜፕሊኖች የዘፋኙን ስም ዘለው የጊታሪስቷን ጻፉ። ጆ በ1950 ሞቷል፣ ሚኒ ግን አልበሙ ሲወጣ በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በ1973 ነው።

የዚህን ዘፈን ከበሮ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የሃምፕሻየር አሮጌ ቤት ውስጥ የጆን ቦናምን ከበሮ ከፎቁ መወጣጫ ሥር አስቀምጠው፣ ማይክራፎኖቹን ከላይ ከደረጃው አንጠለጠሉ። ለዚያ ነው ከበሮው እንደ ዋሻ የሚያስተጋባው። በ1929ኙ ላይ ከበሮ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ቅንብር ማለት እዚህ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሚናስ_88

«ሃውንድ ዶግ»ስ? የኤልቪስ ነው ብዬ ነበር የማውቀው።

ሸክላ_ሰብሳቢ

የጻፉት ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ናቸው፤ ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። የጻፉትም ለቢግ ማማ ቶርንተን ነው፤ እርሷ በ1952 ቀርጻው በቀጣዩ ዓመት በጥቁሮች ሠንጠረዥ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በእርሷ አንደበት ውሻው ውሻ አይደለም፣ ከቤቷ የምታባርረው ጥገኛ ወንድ ነው። ፍሬዲ ቤል የሚባል የላስ ቬጋስ ዘፋኝ ግጥሙን አለዝቦ እውነተኛ ውሻና ጥንቸል አስገባበት። ኤልቪስ በ1956 ቬጋስ ሄዶ የሰማው የቤልን ነው፤ እርሱንም ወሰደ። ስለዚህ ኤልቪስ የቶርንተንን ሳይሆን የቤልን ነው የደገመው። ሊበር ያቺን የጥንቸል ስንኝ እስከ መጨረሻው አልወደዳትም ነበር፤ ክፍያው ግን ለእርሱና ለስቶለር ስለ ሆነ መቻል ሳይሻለው አልቀረም።

ስድስት_አውታር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጠን ደብተሩ ላይ ያለውን ሰርዘን እንዲህ ጻፍን፦

«ግጥም፦ የሕዝብ፣ ጆርጂያ ተርነርና በርት ማርቲን እንደ ዘፈኑት፣ በወንድ አንደበት የተለወጠ። ዜማ፦ የሕዝብ፣ ቀዳሚው የታወቀ ቅጂ አሽሊና ፎስተር፣ 1933። ቅንብር፦ ኮርድ ቫን ሮንክ፣ ጊታር ቫለንታይን፣ ኦርጋን ፕራይስ።»

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ታዲያ ኤፍን ያስገባው ቫን ሮንክ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፣ በዚህ አካሄድ ያስገባው እርሱ ነው አልሁት። ሌባ ጣቱን በስድስቱ አውታር ላይ አጋድሞ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረው፤ አሁንም ሁለቱ አውታሮች አልጮኹም። ከደብተሩ ላይ እርሳሱን አንሥቶ ከቫን ሮንክ ስም አጠገብ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደ ሆነ ግን እዚህ አልደግመውም።

ባስ_በግራ

አውራ ጣቱን ከአንገቱ ጀርባ መሐል ላይ ያሳርፈው፤ ሌባ ጣቱንም በጠፍጣፋው ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎኑ አዙሮ ይጫነው። እስከዚያ ግን የላይኞቹን አራት አውታሮች ብቻ ይያዝና ይፍታቸው። ታች ያለችውን ኤፍ ባሱ ይጫወትለታል።